የወገቡ መርፌ ሲለቅ

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ለብሽሽት ቡአ ኦፕራሲዮን ወገቡ ላይ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ቀትር ላይ የእግር ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። አስታማሚው "ተመስገን፣ እግሩ ተመለሰ" ብሎ ቤት ይደውላል። ከእግሩ ጋር አብሮ የሚመለሰውን ግን ማንም አልነገረውም። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ታካሚው ወሬ ይቀንሳል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ ጉልበቱን አጥፎ ብሽሽቱን በመዳፉ ይይዛል። ነርሷ ስትጠራ ካርዱ ላይ "ሲያመው ትራማዶል" የሚል ትእዛዝ ታገኛለች። ማስታገሻው ገና አልተገዛም። አስታማሚው ማዘዣውን ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር፣ ተገዝቶ ተወግቶ እስኪሠራ 9 ሰዓት ይሆናል።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ መዝገብ ላይ ያ ስፓይናል፣ ማለትም ያ የወገብ ማደንዘዣ፣ "ጥሩ" ነበር። ደም ግፊቱ ብዙ አልወረደም፣ ታካሚው አልተንቀሳቀሰም፣ ሰርጀኑም አላጉረመረመም። እኔ ግን ስፓይናልን የምመዝነው ከተወጋ በኋላ ባለው አራተኛ ሰዓት ነው። ማደንዘዣው መቼ ገደማ እንደሚለቅ መርፌው ሳይገባ ይታወቃል። ለዚያች ሰዓት ምንም ሳያዘጋጁ መጠበቅ ሰማዩ ጠቁሮ እያዩ የተሰጣ ቡና ሳይሰበስቡ እንደ መቀመጥ ነው።

ጅማ ውስጥ ለቡአ የሚመጣው ብዙው ሰው የጉልበት ሰው ነው፤ ጆንያ የሚሸከም፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ማሳ የሚቆፍር። ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ከወገብ በታች የሚሠራ ስለሆነ ለስፓይናል የተፈጠረ ይመስላል። ሙሉ ሰመመን አያስፈልግም፣ የመተንፈሻ ቱቦ የለም፣ ሲያበቃም ታካሚው ነቅቶ ያወራል። ይህ የሚሠራው ግን በቀጠሮ ለሚሠራ ቡአ ነው። ታንቆ የመጣ፣ ሲያስመልስ ያደረና ውኃው የተሟጠጠ ሰው ላይ ስፓይናል መስጠት ደም ግፊቱን ገደል መክተት ነው። እሱ መጀመሪያ ፈሳሽ ይተካለት፤ ሌላውን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

መድኃኒቱ ቡፒቫኬን 0.5% ነው፤ ከባዱ፣ ባለሙያው "ሄቪ" የሚለው። 1 ሲሲው ውስጥ 5 ሚሊግራም ቡፒቫኬንና 80 ሚሊግራም ደክስትሮስ አለ። መድኃኒቱን ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ አክብዶ ወደ ታች እንዲዘቅጥ የሚያደርገው ስኳሩ ነው፤ ስለዚህ ታካሚው በተጋደመበት አቅጣጫ ይሄዳል። ለአዋቂ ሰው የአንድ ጎን ቡአ ከ2.5 እስከ 3 ሲሲ፣ ማለትም ከ12.5 እስከ 15 ሚሊግራም ይበቃል። የሕመም ስሜትን እንደ ሰውየው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይይዛል። ስኳር የሌለው ቡፒቫኬንም ይሠራል፤ ጥንቃቄው ጠርሙሱ ላይ ነው። ለብዙ ጊዜ መቅጃ ተብሎ የተዘጋጀ ጠርሙስ መከላከያ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ወገብ ውስጥ አይገባም። ከአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሰው እየቀዱ መውጋትም የማጅራት ገትርን በር መክፈት ነው።

ድንዛዜው እስከየት መድረስ አለበት የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆዳው የሚቆረጥበት ቦታ በቲ 12 እና በኤል 1 ነርቮች (ቲ የደረት፣ ኤል የወገብ አከርካሪ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ላይ ይወጣል) የሚገዛ ስለሆነ እንብርት ድረስ የደረሰ ድንዛዜ፣ ማለትም ቲ 10፣ የሚበቃ ይመስላል። ለምላጩ ይበቃል። ሰርጀኑ የቡአውን ከረጢት ይዞ ሲስብ ግን ስሜቱ የሚመጣው ከሆድ ዕቃ ሽፋን ነው፤ የዘር ፍሬው ስሜትም ወደ ቲ 10 ነው የሚሄደው። እንብርት ላይ የቆመ ድንዛዜ ያለው ሰው ያን ጊዜ "ሆዴን ጎተተኝ" ይላል፤ አንዳንዱ ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፣ የልብ ምቱም ይወርዳል። ስለዚህ ዒላማው ቲ 8፣ ቡአው ትልቅ ሆኖ የዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ የወረደ ከሆነ ደግሞ ቲ 6 ነው፤ ቲ 6 የደረት አጥንቱ የታችኛው ጫፍ ነው። መለኪያው አልኮል የነካ ጥጥ ነው። ትከሻው ላይ ያስነኩትና "ይህን ያህል ይቀዘቅዛል?" ብለው ከጭኑ ወደ ላይ ይውጡ። ቅዝቃዜው ትከሻው ላይ እንደነበረው የሚሆንበት መስመር ድንበሩ ነው። በመርፌ ጫፍ እየወጉ መጠየቅ ታካሚውን ያስፈራል፣ መልሱም አይታመንም።

አሁን ወደ መርፌው። ታካሚው አልጋው ላይ በአግድም ይቀመጣል፣ እግሩ ዱካ ላይ ያርፋል፣ ትራስ ያቅፋል። ከጅማ ዙሪያ፣ ከዴዶ ወይም ከሰካ የመጣ ገበሬን በአማርኛ "ጎንበስ ይበሉ" ብንለው ትከሻውን ያጎነብሳል፤ ወገቡ ግን እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቀራል። የሚፈለገው የወገብ አጥንቶቹ እርስ በርስ እንዲራራቁ ነው። "አባባ፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ፤ ወገብዎን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ይግፉልኝ" ቢባል ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከፊቱ ቆሞ፣ ጥጡ ጀርባውን ሳይነካ በፊት፣ ሦስቱን ነገር በቋንቋው ቢነግረው ነው፤ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው ላይ እንደሚያመው፣ መንቀሳቀስ እንደሌለበት። መርፌው ከገባ በኋላ የሚደረግ ማስተርጎም ዋጋ የለውም።

የሁለቱ ዳሌ አጥንቶች ጫፍ በሐሳብ መስመር ሲገናኝ አራተኛውን የወገብ አጥንት ወይም ከሥሩ ያለውን ክፍተት ያቋርጣል። ጣት ግን ያታልላል፤ ሦስተኛው ክፍተት ነው ያልነው ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። የአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር ኤል 1 ወይም ኤል 2 አካባቢ ስለሚያበቃ የሚጠራጠር ሰው ወደ ታች ይጠራጠር። ቆዳውን ካጸዱ በኋላ እስኪደርቅ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ በአልኮል የተበጠበጠ ክሎርሄክሲዲን ነርቭ ይጎዳል፣ እርጥብ ቆዳ ላይ የገባ መርፌም ይዞት ይገባል። የማጽጃውን ሳህንም ከመድኃኒቶቹ ትሪ ያርቁት። ከዚያ ለቆዳው ማደንዘዣ 2 ሲሲ ሊዶኬን ቆዳው ሥር።

መርፌው ትንሽ ወደ ራስ አቅጣጫ ያዘነበለ ሆኖ መሀል ለመሀል ይገባል። ቆዳውንና ስቡን ሲያልፍ ምንም የለም። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ጅማት ይይዘዋል፤ መርፌው እጅ ቢለቀውም አይወዛወዝም። ያ መያዝ መንገዱ ትክክል ለመሆኑ ምልክት ነው፤ መርፌው ከላላ ወደ ጎን ወጥቷል። ቀጥሎ ቢጫው ጅማት አለ፤ እዚህ ጋ ስሜቱ ይለወጣል። ወስፌ በተጠመጠመ አክርማ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት ጠንከር ማለት፣ ከዚያ በድንገት ልቅ ማለት። ትንሽ ገፋ ሲደረግ ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው የቀለለ መልቀቅ ይመጣል፤ የኅብለ ሰረሰሩ ጠንካራ ሽፋን፣ ዱራ፣ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ይመዘዛል። በወፍራሙ 22 ጌጅ መርፌ ፈሳሹ ወዲያው ጠብ ይላል። በቀጭኑ 25 ጌጅ ግን ጥቂት ሰኮንዶች መጠበቅ አለ፤ የቸኮለ እጅ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያለውን መርፌ "አልገባም" ብሎ የሚመዝዘው እዚህ ጋ ነው። ታካሚው አንድ እግሩን እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረው መርፌው ነርቭ ነክቷልና ወደ ኋላ ይመለስ፤ እየነዘረው መድኃኒት አይሰጥም።

ሲሪንጁ ሲገጠም የግራ እጅ ጀርባ ታካሚው ወገብ ላይ ተደግፎ መርፌውን እንደ ምሰሶ መያዝ አለበት። ትንሽ ወደ ኋላ ሲሳብ ፈሳሹ ከስኳሩ ጋር ሲገናኝ ሲሪንጁ ውስጥ እንደ ዕጣን ጭስ ሲጥመለመል ይታያል። በ15 ሰኮንድ ገደማ ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ አንዴ እንደገና ይሳባል። አልሠራም የሚባለው አብዛኛው ስፓይናል የሚበላሸው እዚህ ነው። መርፌው ሲገጠም አንድ ሚሊ ሜትር ገብቷል ወይም ወጥቷል፣ አለዚያ መድኃኒቱ በመገጣጠሚያው በኩል ጓንቱ ላይ ፈስሷል። "ቡፒቫኬኑ ደካማ ነው" የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱ በፀሐይ ወይም በሙቀት የተበላሸበት ጊዜ የለም አልልም፣ ግን መጀመሪያ እጃችንን እንይ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቆም ምንም ድንዛዜ ከሌለ መድገም ይቻላል። ግማሽ የያዘ ድንዛዜ ላይ ሙሉ መጠን መድገም ግን ድንዛዜውን ደረት ድረስ ያወጣዋል።

ደም ግፊት ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በየ2 ደቂቃው ይለካ። ሲወርድ ኤፌድሪን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ የልብ ምቱ ከ50 በታች ከወረደ አትሮፒን 0.5 ሚሊግራም። እዚህ ጋ የጅማ ነገር አለ፤ ጫት። ትናንት ከሰዓት በርጫ ላይ ያመሸ ሰው ዛሬ ጠዋት የልብ ምቱና ግፊቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ለዓመታት የቃመ ሰው ደግሞ ለኤፌድሪን የሚሰጠው መልስ እንደ ሌላው ላይሆን ይችላል፤ ኤፌድሪን የሚሠራው ነርቮቹ ያጠራቀሙትን በማስለቀቅ ነው፣ ጫቱም የሚያስለቅቀው ያንኑ ክምችት ነው። ስለዚህ ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ ፌኒሌፍሪን ወይም በጣም የቀጠነ አድሬናሊን ቀድሞ ተቀድቶ ይቀመጥ። ጥያቄው "ይቅማሉ ወይ?" ሳይሆን "መጨረሻ የቃሙት መቼ ነው?" ቢሆን እውነተኛ መልስ ይገኛል።

የሕመም ማስታገሻውን ጊዜ ስለ ማራዘም ስንነጋገር ሁሉም ዓይን የሚሄደው ከቡፒቫኬኑ ጋር ወደሚቀላቀለው ነገር ነው። ፌንታኒል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ካለ 25 ማይክሮግራም፣ ማለትም 50 ማይክሮግራም በሲሲ ከሆነው አምፑል ግማሽ ሲሲ፣ በ1 ሲሲ ሲሪንጅ ተለክቶ ይጨመራል። "ሆዴን ጎተተኝ" የሚለውን ስሜት በደንብ ያስታግሳል፣ ከሕመም ነጻ የሆነውንም ጊዜ ጥቂት ያራዝማል። ዋጋው ትንሽ ማሳከክ ነው። እወደዋለሁ። ብቻውን ግን አራተኛውን ሰዓት አያሻግርም።

ሞርፊን ያሻግራል። 100 ማይክሮግራም ብቻ፣ መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ከሆነ፣ እስከ 24 ሰዓት ሊያስታግስ ይችላል። ችግሩ አምፑሉ ነው። 1 ሲሲው ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ፤ ከሚፈለገው 100 እጥፍ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይቀጥናል። 1 ሲሲውን በ9 ሲሲ ሴላይን (የጨው ውኃ) ስናቀጥነው በሲሲ 1 ሚሊግራም ይሆናል። ከዚያ 1 ሲሲ ወስደን እንደገና በ9 ሲሲ ስናቀጥነው በሲሲ 100 ማይክሮግራም። ሁለተኛውን ማቅጠን የዘለለ ሰው በዚያው 1 ሲሲ 10 እጥፍ ሰጥቷል፤ ሲሪንጆቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱም ውኃ ነው የሚመስሉት። እያንዳንዱ ሲሪንጅ ላይ በፕላስተር ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ቅጥን ሁለተኛው እንደ ተዘጋጀ ከጠረጴዛው ይነሳ፤ ቁጥሩን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው።

በትክክል ቢለካም ሞርፊኑ በፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ትንፋሽን የሚያዘገየው ደግሞ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴ 18 ሰዓት ዘግይቶ ነው። 3 ሰዓት ተኩል ጠዋት ለተወጋ ሰው ይህ ማለት ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው፤ መብራት ጠፍቶ፣ አንዲት ተረኛ ነርስ ዋርዱን ሙሉ ይዛ፣ ታካሚው "ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው" በሚባልበት ሰዓት። ትንፋሹን ለመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት በየ2 ሰዓቱ የሚቆጥር ሰውና የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን በሌለበት ዋርድ የወገብ ሞርፊን አይሰጥም። በላዩ ማሳከክ፣ ማስመለስና ሽንት መቋጠር አለ፤ ሦስቱም ለቡአ ታካሚ የማይሆኑ ናቸው። ሆዱ ተከፍቶ ለተሠራ ሰው ሌላ ሒሳብ አለው። ለአንድ ጎን ቡአ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሞርፊኑ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቢቀር ይሻላል።

አምፑል ካነሳን አንድ ሌላ ነገር። የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ከቡፒቫኬን አምፑል ጋር እየተምታታ ወገብ ውስጥ ተሰጥቶ ሰው ገድሏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ወገብ ውስጥ ሲገባ ከባድ የጀርባና የእግር ሕመም፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም የልብ ምት መዛባት ያመጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጡ፤ አምፑሉ ሲሰበርም የሚነበበው ስሙ እንጂ ቅርጹ አይሁን።

ታዲያ አራተኛውን ሰዓት የሚያሻግረው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር ያለው በሰርጀኑ እጅ ነው። ቁስሉን ከመዝጋቱ በፊት 20 ሲሲ 0.25% ቡፒቫኬን፣ ግማሹን ከውጭኛው የሆድ ጡንቻ ሽፋን ሥር ነርቮቹ በሚያልፉበት፣ ግማሹን ከቆዳው ሥር ቢያስገባ ሕመሙ በብዙ ሰዓት ይገፋል። አዘገጃጀቱ 10 ሲሲ ስኳር የሌለው 0.5% እና 10 ሲሲ ሴላይን ነው፤ ከባዱ ቡፒቫኬን ለቁስል አይሆንም። ስፓይናሉ ገና ስላለ ታካሚው አይሰማውም፣ የሚፈጀውም ሁለት ደቂቃ ነው። የማይደረግበት ምክንያት ባብዛኛው ማንም አስቀድሞ አለመጠየቁ ነው፤ ክሩ ቆዳ ላይ ሲደርስ መጠየቅ ዘግይቷል።

መጠኑ ግን ይቆጠር። የቡፒቫኬን ጣሪያ በኪሎ 2 ሚሊግራም ነው። ቡና ለቅሞ የሚያድር ቀጭን ሰው 50 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያው 100 ሚሊግራም ነው። ሰርጀኑ ሳያቀጥን 20 ሲሲ 0.5% ከሰጠ 100 ሚሊግራሙ አለቀ፤ የወገቡ 15 ሲደመር ጣሪያው ታልፏል። ታካሚው አፉ ዙሪያ ሲደነዝዘው፣ ጆሮው ሲጮህ፣ ብረት ብረት ሲለው መስጠቱ ይቁም፤ ከዚያ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥና የልብ መቆም ነው። 20% የሊፒድ (የስብ) ፈሳሽ ካለ በኪሎ 1.5 ሲሲ ወዲያው ይሰጣል።

ሰርጀኑ ካልሰጠ ባለሙያው በመርፌ ነርቮቹን ማግኘት ይችላል። ከፊተኛው የዳሌ አጥንት ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ እንብርት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፤ ደነዝ ያለ መርፌ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲል 10 ሲሲ 0.25%። አልትራሳውንድ ካለ በጣም ይሻላል፤ በጭፍን የሚደረገው አንዳንዴ ይስታል። ጥልቅ ከገባ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ጭን ነርቭ ይፈስሳል። ስፓይናሉ ለቆ አንዱ እግር ሲመለስ የተሠራበት ጎን ጉልበት ሳይጸና ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲነሳ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዘው፤ ሽንት ቤት በር ላይ የሚወድቀው ብቻውን የተነሳው ነው።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። ፓራሲታሞል 1 ግራም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይገባ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ። ዳይክሎፌናክ ኦፕራሲዮኑ ሲያበቃ፤ ኩላሊቱ፣ ጨጓራው ወይም አስሙ የማይከለክለው ከሆነ። ፓራሲታሞሉ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይደገማል፤ አመመኝ ቢልም ባይልም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ በኪሎ 15 ሚሊግራም ይሰላ። "ሲያመው" የሚለው ቃል ከትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ለትራማዶል ብቻ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ትራማዶሉም ጠዋት ይገዛ። አንድ ትንሽ ነገር አለ። ዳይክሎፌናክን በደነዘዘ መቀመጫ ላይ መውጋት የተለመደ ነው፤ መርፌው ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ቢነካ ታካሚው "አመመኝ" አይልም። በላይኛው ውጫዊ ሩብ ላይ በጥንቃቄ፣ ካልሆነም በእንክብል ወይም በፊንጢጣ።

አሁን ወደ ዋርዱ፣ ወደዚያች አራተኛ ሰዓት እንመለስ። ሁሉም ተሰጥቶ ታካሚው አሁንም ይገላበጣል። ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ያልበዋል፣ "ከታች ያመኛል" ይላል። እጅ ወደ ትራማዶሉ ከመሄዱ በፊት ወደ ታችኛው ሆዱ ይሂድ። ከእንብርት በታች ክብ፣ ጠንካራ፣ ሲነካ የሚያስጮኸው ነገር ካለ ፊኛው ነው። ስፓይናል የሽንት ስሜቱን ያጠፋል፤ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባው 2 ሊትር ግሉኮስ ደግሞ መድረሻ ይፈልጋል። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሽማግሌ ላይ ይብሳል። ጫትም የሽንትን ፍሰት ያዳክማል፤ ይህን የሚያውቀው ቃሚ ራሱ ነው። ትራማዶል እዚህ ላይ ፊኛውን ይበልጥ ያሰንፈዋል። ቆሞ እንዲሸና በሁለት ሰው ይደገፍ፣ መጋረጃ ይሳብለት፣ ቧንቧ ይከፈትለት፤ ካልሆነ አንዴ በካቴተር ይውጣለት። ለቡአ ስፓይናል ከ500 እስከ 1000 ሲሲ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የተረፈው ጠርሙስ "እንዳይባክን" ተብሎ አይንጠልጠል።

በሁለተኛው ቀን የሚመጣው ራስ ምታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመን አገር፣ ኪል ከተማ፣ አውጉስት ቢር ኮኬይን ወገብ ውስጥ በመስጠት ይህን መንገድ ሲጀምር ሙከራውን በራሱም ላይ አድርጎ ነበር፤ ሲቀመጥ የሚነሳ፣ ሲጋደም የሚጠፋ ራስ ምታት ለቀናት ያዘው። ፈሳሹ በመርፌው ቀዳዳ እየፈሰሰ ነው የሚያመጣው። ቀጭን መርፌ፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ ከሆነ፣ ይቀንሰዋል። ያለው ስለታም ጫፍ ብቻ ከሆነ ሰያፍ የተቆረጠው ገጽ ወደ ጎን ይዙር፤ ሲወጣም ሽቦው ተመልሶ ይግባ። ለ24 ሰዓት ያለ ትራስ ተጋድሞ መዋል ግን ራስ ምታቱን አይከላከልም። ይህ ምክር ዛሬም በየዋርዱ ይሰጣል፤ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ሽንት መቋጠርና የወገብ ሕመም ነው። ቀጥሎ ደግሞ "መርፌው ወገቤን አበላሸው" ይባላል።

ጅማ ላይ ግን ሁሉም ራስ ምታት ከመርፌው አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚጠጣ ሰው ከማታ ጀምሮ ጾሞ ውሎ ራሱን ቢያመው ቡናው ነው የጎደለው። እንዲህ ያለው ተጋደመ ተቀመጠ አይለይም፤ የሚመጣውም በመጀመሪያው ቀን ነው። ንጹሕ ፈሳሽ ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ መጠጣት ይፈቀዳል፤ ወተት የሌለበት፣ በደንብ የጠለለ ጥቁር ቡናም ከዚያው ይቆጠራል። ወተት ወይም ቅቤ የገባበት ከሆነ ግን እንደ ምግብ ነውና 6 ሰዓት ይጠብቅ። የመርፌው ራስ ምታት ከሆነም ቡና ለጊዜው ያስታግሳል፤ አብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ቀና ማለት ያቃተው ሰው ከራሱ ክንድ ከ15 እስከ 20 ሲሲ ደም ተወስዶ ከዱራ ውጭ ባለው ክፍተት ይሰጠዋል፤ ይህን የሚሠራው የለመደ እጅ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ ብርሃን የሚያስጠላው፣ ተጋድሞም የማይሻለው ራስ ምታት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቡና አይጠበቅም።

ወደ ቤት ሲሄድ ለሦስት ቀን ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ፣ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር። የመጀመሪያው ከባጃጁ በፊት ይዋጥ፤ የሰካ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ብሽሽቱን ይነካዋል። ትራማዶል የሚወስድ ሰው ሆዱ ይደርቃል፣ ጫት ከጨመረበት ይብሳል፤ ማማጥ ደግሞ ስፌቱን ይፈትነዋል። ጎመንና ውኃ ይብዛለት፣ ሲያስለው ብሽሽቱን በመዳፉ ይደግፍ። እግሩ እስከ ማግስቱ ከደነዘዘ፣ ሽንቱ ካልመጣ፣ ወይም ወገቡ ላይ መርፌው የገባበት ቦታ ከቀላና ከሞቀ ቀጠሮውን አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ይመለስ።